ባኮን ቦካ የምትለው ልጅ

«ዶባ» ይላል። ልጅሽ ትናንት ከሰዓት ደብተሯን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግታ ያሳየችኝ የመጀመሪያው ቃል ይኸው ነበር። ዳቦ ለማለት ነው። የዳ እግር ወደ ግራ፣ የቦ እግር ወደ ቀኝ ዞሮባት ቃሉ ተገልብጦ ወጥቷል። አንቺ ደግሞ «ዓይኗን ላስመርምራት ይሆን?» አልሽኝ። ዓይኗ ደህና ነው። ብዙ ልጆች በዚህ ዕድሜያቸው ያደርጉታል፤ ይለቃቸዋል። እርሳሱን ተቀብዬ ላሳያት ስል ግን ዝናቡ ጀመረ። የረጠበ ቀይ አፈር ሽታ በመስኮቱ ገባና እጄ እርሳሱን እንደያዘ ቀረ። ለምን ዝም እንዳልኩ ጠይቀሽኝ ነበር። በልጅሽ ፊት ልነግርሽ አልፈለግሁም።

ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የማትሪክ ውጤት የምጠብቅበት ክረምት ነበር። በወሎ ድርቁ ጸንቶ መንግሥት ሰውን በጭነት መኪናና በአውቶቡስ እያጋዘ ወደ ኢሉባቦር ጫካ ያመጣል። ሰፈራ ይሉታል። መኪኖቹ መቱን አቋርጠው ሲያልፉ በላያቸው ያለው ሰው አይጮህም፣ አይዘፍንም፤ ጭቃ የሚረግጠው የጎማ ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማው። እናቴ ከጉራጌ አገር መጥታ መቱ ላይ ሱቅ የከፈተች ሰው ናት። መኪኖቹን ባየች ቁጥር የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ ከሱቁ ደጃፍ ትቆማለች። «እኔስ ወድጄ ነው የመጣሁት» ትል ነበር።

ያን ክረምት ለመሠረተ ትምህርት ስንመደብ እኔ ከሰፈራ መንደሮቹ ወደ አንዱ ተላክሁ። ከመቱ ወደ ሶር ፏፏቴ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ፣ ጫካው ተመንጥሮ፣ የሣር ጎጆዎች እንደ ወታደር ሰልፍ በመስመር የተተከሉበት ቦታ ነው። ገና ስደርስ የተቀበለኝ ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ፦ አዲስ የተቆረጠ እንጨት፣ የበሰበሰ ሣር፣ እርጥብ ማገዶ የሚተፋው ጭስ፣ ከዚያ በታች ደግሞ የበሽተኛ ሽታ። ፀሐይ ለሳምንት አትታይም። ጠዋት ጠዋት ጉሬዛዎቹ ከዛፉ ላይ ሲያጓሩ የወሎ ልጆች በፍርሃት ከእናቶቻቸው ቀሚስ ስር ይገባሉ። ሰዉ በወባ እየተንቀጠቀጠ ነበር የሚማረው። አንዳንዱ ዛሬ «ሀ ሁ» ብሎ ነገ ቦታው ባዶ ይሆናል፤ የት ሄደ ብዬ መጠየቁን ቶሎ ተውኩት።

በምናስተምርበት ዳስ አንዲት ልጅ ነበረች፤ ከሁሉም ፊት፣ መሬት ላይ ነበር የምትቀመጠው። ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይሆናታል፤ አያቷም በትክክል አያውቁትም። እናቷ ወሎ ውስጥ በተረጂዎች መጠለያ ሞታለች። አባቷ እህል ፍለጋ እንደወጣ አልተመለሰም። የቀሯት አያቷ ብቻ ነበሩ፤ ረጅም፣ ከሲታ፣ የእርዳታ ብርድ ልብስ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ዳሱን ተደግፈው የሚቆሙ ሽማግሌ። ወደ ኢሉባቦር ሲጫኑ ሰዉ እየተገፋፋ መኪናው ላይ ሲወጣ ልጅቷ ከስር ወድቃ ግራ እግሯ ተሰብሮ ነበር። የሚያያት ሐኪም ሳይገኝ ጠማማ ሆኖ ገጠመ፤ ከቀኙ አጠረ። ስትራመድ ግራ ትከሻዋ ዝቅ ይላል።

ጠመኔ ካለቀብን ቆይቷል። የምንጽፈው በከሰል፣ በተጠረበ ጣውላ ላይ ነበር። ልጅቷ ፊደሉን ከአዋቂዎቹ ሁሉ ቀድማ ለየች። ስትጽፍ ግን እግር ያላቸው ፊደላት ሁሉ ይገለበጡባታል። ባን ቦ፣ ሳን ሶ፣ ካን ኮ ታደርጋለች። አንድ ቀን የወንዙን ስም፣ ሶርን እንድትጽፍ አደረግሁ። «ሳር» ብላ ጻፈች። ዳሱ ሙሉ ሳቀ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ሴት፣ «ምን አጠፋች? እዚህ አገር ከሳር ሌላ ምን አለና!» አለች፤ ሳቁ እዚያው ቆመ።

«ባ ቀኝ እግሩ ረጅም ነው፣ ቦ ግራ እግሩ ረጅም ነው» እያልኩ ደጋገምኩላት። አልሆነም። ሲቆይ ነው የገባኝ፤ ልጅቷ ፊደሉን የምታየው ፊት ለፊቷ እንደቆመ ሰው ነው። ፊት ለፊትሽ የቆመ ሰው ቀኙ ያንቺ ግራ ነው። የኔ «ቀኝ» ለእሷ ግራ ሆኖ ይደርሳታል ማለት ነው። ይህ እስኪገባኝ ድረስ ግን ልጅቷ ከሰሉን ከቂጧ ስር እየደበቀች «የለኝም፣ እትዬ» ማለት ጀምራ ነበር። አስተባባሪያችንም ጣውላዋን አይቶ፣ «ደካማዋን ተያት፤ ለሪፖርት የሚሆኑትን አስተምሪ» አለኝ።

አልተውኳትም። ለምን እንዳልተውኳት እንኳ በደንብ አላውቅም። ምናልባት በዚያ ቦታ ሊስተካከል የሚችል ሌላ ነገር ስላልነበረ ይሆናል።

አንድ ቀን ዝናቡ ጋብ ሲል ከዳሱ ውጭ ወሰድኳት። በዱላ ጭቃው ላይ ትልቅ ባ ጻፍኩ፤ እሷን የሚያክል።

«ግቢበት» አልኳት።

«ምኑ ውስጥ፣ እትዬ?»

«ፊደሉ ውስጥ። ጀርባሽን ለኔ ስጪና ቁሚበት። አጭሩን እግርሽን በአጭሩ ላይ፣ ረጅሙን በረጅሙ ላይ።»

ባዶ እግሯን በጥንቃቄ አሳረፈች። ግራዋ አጭሩ ላይ፣ ቀኟ ረጅሙ ላይ ዋለ። ቁልቁል አየች። ጭቃው በጣቶቿ መሀል ወጣ።

«እኔን ነው እንዴ!» አለች።

«አዎ፣ ባ አንቺን ነው።»

«ቦስ?»

«ቦ አንቺን አይደለም።»

ሳቀች። ስትስቅ መጀመሪያ የሰማኋት ያን ቀን ነው። ከዚያ በኋላ በመንደሩ ጭቃ ሁሉ ላይ እየጻፈች ትገባበት ጀመር፤ ሳ እኔ፣ ካ እኔ፣ ዳ እኔ። ሶ ሌላ ሰው፣ ኮ ሌላ ሰው። በአጥሩ በኩል በቆሎ የምትጠብቅ አንዲት የአካባቢው ኦሮሞ ባልቴት ነበረች። ልጅቷ አንድ እግሯን አንስታ ስትዘል ታያትና በሐዘን ራሷን ትነቀንቃለች፤ «ኮቱ፣ ኢንተላ ኮ» ትላታለች፤ ነይ ልጄ ማለቷ ነው። የተቀቀለ ጎዳሬ እጇ ላይ ታደርግላታለች። ልጅቷ ጎዳሬውን እየገመጠች ፊደሏን ትረግጣለች።

አያቷ ይህን ሁሉ ዝም ብለው ሲያዩ ሰንብተው አንድ ጠዋት ጠጋ አሉኝ።

«አላህ ይስጥሽ፣ ልጄ። የአገሯን ስም አስጽፊያት እስቲ። ኮምቦልቻን።»

ጻፈች፤ መጀመሪያ «ካምባልቻ»፣ ሁለተኛው ላይ ልክ። በማግስቱ «ባቲን» አሉኝ። ዘመዶቻቸው እዚያ ነበሩ። ናፍቆት ነው ብዬ ደስ እያለኝ አስጻፍኳት። ከዚያ በኋላ የመጡት ስሞች ግን ሌላ ሆኑ። በደሌ። ነቀምት። ባኮ። አምቦ። አያቷ ዓይናቸውን ከመሬቱ ላይ ሳይነቅሉ፣ አንድ በአንድ፣ የሰው ስም እንደሚጠሩ ሆነው ይነግሩኛል።

ባኮ ላይ እጄ ቆመ። የወሎ ሽማግሌ ባኮን ምን ያደርግለታል? ቀና ብዬ አየኋቸው። እሳቸውም አዩኝ። የሚጠፋ ሰው እንዳለ እናውቅ ነበር፤ ተይዘው የተመለሱትን ደግሞ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ሲገረፉ አይተናል።

«አባቴ» አልኳቸው በዝግታ፣ «እርስዎ እኮ ጉልበት የለዎትም።»

«እሱስ የለኝም» አሉ። «ግን እዚህ ብሞት እሷ የማን ናት?»

ወደ አገራቸው በሚመልሰው መንገድ ላይ በየከተማው መግቢያ ስሙ የተጻፈበት ሰሌዳ አለ። አብረዋቸው ሊወጡ ካሰቡት ውስጥ ማንበብ የሚችል አንድም ሰው አልነበረም፤ ሰው እየጠየቁ መሄድ ደግሞ ራስን ማስያዝ ነው። የሚያነብላቸው አንድ ሰው ቢኖር ይህቺ ልጅ ነበረች። ባኮን ቦካ፣ አምቦን አምባ ብላ የምታነብ ልጅ።

ዱላውን አንስቼ ባኮን በትልቁ ጻፍኩላት።

የመንደሩ ካድሬ የመጣብን ባኮንና አምቦን በምናጠናበት ቀን ነው። ወጣት ነበር፤ ከኔ ብዙ አይበልጥም። የዝናብ ካፖርትና ቦት ጫማ አድርጎ፣ ከጎጆዎቹ ኋላ ብቅ ሲል ያየችው ልጅቷ ነበረች። በሁለቱም እግሯ ጭቃውን ረገጠችው፤ ጽሑፉ ጠፋ።

«ምን እየጻፋችሁ ነበር?» አለ።

አያቷ ብርድ ልብሳቸውን ሰበሰቡ።

«ጻፊው፣ እኔም ልየው» አላትና ዱላውን ሰጣት።

ልጅቷ ጎንበስ አለች። ሳታቋርጥ ጻፈች። «ቦካ» ብላ ጻፈች፤ ከስሩ «አምባ»።

ካድሬው አነበበው። «ቦካ፣ አምባ። ምንድን ነው ይሄ?»

«ሊጡ ቦካ ማለቷ ነው፣ ጌታዬ» አሉ አያቷ። «አምባ ያው አምባ ነው። አገራችን ተራራ ይበዛዋል።»

«እዚህ የምን ሊጥ አለ?» ብሎ ሳቀና ሄደ። ቦት ጫማው ከጭቃው እየተላቀቀ ሲርቅ ድምፁን እሰማዋለሁ። እኔ ጭቃው አጠገብ ቁጭ አልኩ። ልጅቷ ደንግጣ ወደ ቀድሞው ስሕተቷ የተመለሰች መስሎኝ ነበር።

«ተሳሳትሽ አይደል?» አልኳት።

በነገሩ ያፈረች ሳትሆን በኔ የተገረመች ትመስል ነበር። የጻፈችውን በእግሯ አጥፍታ፣ ባኮ፣ አምቦ ብላ በትክክል ጻፈችልኝ። ከዚያም አጠፋችው።

ጳጉሜ ከመግባቱ በፊት ባለው ሳምንት አንድ ጠዋት ዳሱ ስደርስ ቦታዋ ባዶ ነበር። ጎጇቸው ውስጥ ገባሁ። ምድጃው ቀዝቅዟል። ጥግ ላይ የተላጠ ጎዳሬ ነበር፤ ጉንዳን ወርሮታል። ሌሎች ሦስት ጎጆዎችም ባዶ ሆነው ተገኙ።

ተጠየቅሁ። ከማዳበሪያ ጆንያ ጋር መጋዘን ውስጥ ቆልፈውብኝ ካድሬው እየመጣ፣ «መንገዱን ያሳየሻቸው አንቺ ነሽ» ይለኛል። «ፊደል ነው ያስተማርኩት» እለዋለሁ። የማዳበሪያው ሽታ ዓይን ያቃጥላል። በጥፊ መታኝ፤ ጆሮዬ እስከ ዛሬ በብርድ ጊዜ ይጮኻል። በመጨረሻ እናቴ በጭቃው መጥታ፣ ከሱቋ ዱቤ የሚወስድ አንድ የቀበሌ ሰው ዋስ አድርጋ አስወጣችኝ። በመንገድ ላይ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀችኝ፤ «ልጅቷ ደረሰች ይሆን?»

አዲሱ ዓመት ከገባ በኋላ የጭነት መኪና ከጠፉት ጥቂቶቹን ይዞ ተመለሰ። መቱ ላይ ወሬውን ሰምቼ፣ እናቴ እየከለከለችኝ፣ ወደ መንደሩ ሄድኩ። አያቷን በዚያው በቀዝቃዛው ጎጆ ውስጥ ተኝተው አገኘኋቸው። እግራቸው አብጦ ቆዳው ያብለጨልጫል። ጀርባቸውን ለማንም አያሳዩም። ትኩሳቱ ከሩቅ ይሰማል። ልጅቷ የለችም።

የሆነውን በቁርጥራጭ ነገሩኝ። በእግርም፣ በሰው መኪናም ባኮ ደርሰዋል። ከከተማው መግቢያ ላይ ልጅቷ ሰሌዳው ስር ቆማ፣ «ባኮ» ብላ አነበበች።

«ባኮ አለች፣ ልጄ። ቦካ አላለችም» አሉኝ። ያን ጊዜ ብቻ ፊታቸው በራ።

ከከተማው በታች ግን ኬላ ነበር፤ መታወቂያና የይለፍ ወረቀት ይጠየቃል። ሻይ ቤት ያገኟት አንዲት ነጋዴ ሴት አዘነችላቸው። ልጅቷን ልጄ ናት ብዬ በአውቶቡስ አሳልፋታለሁ፤ እኔ ከአምቦ በፊት ወራጅ ነኝ፣ አምቦ ስትደርስ ግን ራሷ ትወርዳለች፤ እርስዎ ኬላውን በበቆሎው ማሳ ዞረው ተከተሏት አለቻቸው። ልጅቷ ማንበብ ትችላለች። አምቦ የሚለውን ስታይ ወርዳ እዚያው ሰሌዳው ስር አያቷን እንድትጠብቅ ተስማሙ። እሳቸው በቆሎው ውስጥ ተያዙ።

«አሁን እዚያ ተቀምጣለች» አሉኝ እጄን ይዘው። እጃቸው ከሰል ላይ እንደቆየ ብረት ነበር። «አምባ ብላ አታልፈውም። በደንብ አስተምረሻታል። ትወርዳለች። ሰው ላኪልኝ።»

በደንብ አስተምሬያት ነበር። ከጎጆው ወጥቼ በቀጥታ ወደ መቱ ተመለስኩ።

የእናቴ ደንበኛ የሆነ ቡና የሚጭን ሾፌር ነበር፤ በነቀምት በኩል አዲስ አበባ የሚመላለስ። ለመንኩት። ሲመለስ ሱቃችን ገብቶ የሸቀጥ ሳጥን ላይ ተቀመጠ፤ ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ። ሁኔታውን ሳይ ገባኝ። ሰሌዳው አጠገብ ዳቦ የምትሸጥ ሴት አነጋግሯል። አዎ፣ አንዲት የምታነክስ ልጅ ነበረች አለችው። እዚያ ስትቀመጥ ሰነበተች። ዳቦ ስሰጣት ትቀበለኛለች፤ ነይ ቤት እንሂድ ስላት ግን አባባ ይመጣል ብላ እንቢ ትለኛለች። አንድ ጠዋት መጥቼ አጣኋት። ከማን ጋር እንደሄደች፣ በየትኛው መንገድ እንደሄደች አላየሁም። ሌላ የምታውቀው ነገር አልነበረም።

«ሽማግሌውን ምን ትያቸዋለሽ?» አለኝ ሾፌሩ።

መንገዱን በሙሉ ሳስብበት ሄድኩ። ያን ቀን ዝናብ አልነበረም፤ የሶር ፏፏቴ ከሩቅ እንደ ከባድ ትንፋሽ ይሰማ ነበር። አያቷ ከበፊቱ አንሰው ነበር፤ ብርድ ልብሱ ስር ሰው ያለ አይመስልም። እርምጃዬን ሲሰሙ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ተገኘች» አልኳቸው።

ብርድ ልብሱን ከአገጫቸው ዝቅ አደረጉ።

«አንዲት የወሎ ሴት ወስዳታለች። ነጋዴ ናት አሉ። ወደ ኮምቦልቻ ነው የምሄደው ብላ በአውቶቡስ ይዛት ሄደች።»

«የኮምቦልቻ ሴት?»

«አዎ።»

ዓይናቸውን ወደ ጣራው አዞሩ። የማያምኑኝ መሰለኝ። ከዚያ፣ «ረጅም ናት?» አሉኝ።

«ረጅም ናት ብሏል ሾፌሩ።»

«ቀይ?»

«ቀይ።»

«እሷ ናት እንግዲያ!» አሉና ሊነሱ ሞከሩ። ደግፌ አስቀመጥኳቸው። «የታችኛው ሰፈር ልጅ ናት። በርበሬ እየጫነች አምቦ፣ ነቀምት ድረስ ትመጣ ነበር። እናቷን አውቃታለሁ። እጇ ሰፊ ነው፤ ልጅ አታስርብም።» ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ ስለዚያች ሴት ብዙ ነገሩኝ፤ ስለ ቤቷ፣ በደጇ ስላለው ቁልቋል፣ ስለ አንዲት ወተት የማይደርቅባት ላሟ። እኔ «አዎ» እያልኩ እሰማ ነበር። በመጨረሻ ውሃ ጠየቁኝ፤ ለመጠጣት መስሎኝ ሳቀርብላቸው ፊታቸውንና እጃቸውን ታጠቡበት፤ ተጋድመው በከንፈራቸው ብቻ ሰገዱ።

«አብሽሪ፣ ልጄ» አሉኝ ሲጨርሱ። እኔን ነበር የሚያጽናኑት።

ስለ ልጅቷ ዳግመኛ አልጠየቁኝም። በዚያው ሳምንት ሞቱ። ከመንደሩ ጀርባ፣ ጉቶ ገና ባልተነቀለበት ቦታ ቀበሯቸው።

ደርግ ከወደቀ በኋላ አንድ ጊዜ ኮምቦልቻ ሄጄ ነበር። ገበያ ለገበያ እየዞርኩ፣ የምታነክስ ሴት፣ አሁን ትልቅ የሆነች፣ እያልኩ ጠየቅሁ። ከኢሉባቦር የተመለሱ ብዙ ናቸው፣ ያልተመለሱም ብዙ ናቸው አሉኝ። አንዲት አሮጊት እጄን ይዛ፣ «የኔንም ልጅ እዚያ አይተሻት ይሆን?» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ መፈለጉን ተውኩት። ያቺ ረጅም፣ ቀይ ሴት ግን ከኔ ጋር ቀርታለች። እንደሌለች አውቃለሁ፤ እኔና አያቷ ነን ያበጀናት። አንዳንድ ቀን ግን በዓይኔ ያየኋት ይመስለኛል፤ በርበሬዋን አራግፋ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ከአምቦ ሰሌዳ ስር ጎንበስ ብላ፣ «ተነሺ፣ የኔ እናት፣ አያትሽ ልከውኝ ነው» ስትላት፤ ልጅቷም ትንሽ አመንትታ እጇን ስትሰጣት።